ደጅና መንገድ፦ የሰፈር ውስጥ ፍጥነት እንዴት ገባ? እንዴትስ ተገታ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዛሬው ንግግራችን የምናነሳው ጉዳይ በሚንበር ላይ ብዙም የማይነሳ፣ ነገር ግን በየቤታችን በራፍ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት ሽው እያለ የሚያልፍ ነው። ይኸውም በመኖሪያ ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ የሚታየው የመኪና፣ የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ፍጥነት ነው።

ብዙዎቻችን ይህ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው ብለን እንተወዋለን። ወይም ደግሞ ጥፋቱን ወደ ልጆቹና ወደ እናቶቻቸው እናዞራለን፤ "ልጁ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል?" እንላለን። ወደ ታሪኩ ስንገባ ግን ይህች ጥያቄ ራሷ ዕድሜዋ ከመቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ አዲስ ጥያቄ ሆና እናገኛታለን። ከዚያ በፊት በሰፈር ውስጥ ተጠያቂው የሚጋልበው ሰው ነበር። ጥያቄው ከጋላቢው ወደ ልጁ እንዴት እንደዞረ፣ በአንዳንድ አገሮችም እንዴት ወደ ቀድሞ ቦታው እንደተመለሰ ነው የዛሬው ወጋችን። የውጭ አገር ታሪክ ስናወራ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምንጠቅስ ከወዲሁ ይታወቅልን።

መኪና ባልነበረበት ዘመን

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ መንገድ የጻፉት ብዙ ነው። መንገድን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ወዲህና ወዲያ የሚያሳልፈው ዋና መንገድ ሲሆን እርሱ የሕዝብ ሁሉ ነው፤ ማንም ሊያጥረው አይችልም። ሁለተኛው መውጫ የሌለው የሰፈር መንገድ ነው። ይህኛው በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ፣ በሮቻቸው ወደርሱ የሚከፈቱ ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ነው። ከመካከላቸው አንዱ አዲስ በር ልክፈት ቢል፣ ወይም ከግድግዳው ወደ መንገዱ የሚወጣ ነገር ልሥራ ቢል የጎረቤቶቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በዚህ ላይ "ፊናእ" የሚሉት አለ፤ እኛ ደጃፍ የምንለው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለች ቁራጭ መሬት ናት፤ አላፊ አግዳሚውን እስካልጎዳ ድረስ ባለቤቱ ዕቃ ያወርድባታል፣ ከብት ያስርባታል፣ ይቀመጥባታል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በቱኒስ የኖረ ኢብኑ አር-ራሚ የተባለ የግንባታ ባለሙያ፣ ከቃዲው ጋር እየሠራ ያያቸውን የግድግዳ፣ የበር፣ የመንገድና የጎረቤት ክርክሮች በመጽሐፍ አኑሮልናል። ያኔም ቢሆን ሰው ለደጁ ይሟገት ነበር ማለት ነው።

የመንገዱን ስፋት በተመለከተ፣ ሰዎች ከተወዛገቡ ሰባት ክንድ እንዲደረግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መወሰናቸው በሰሂሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሰባት ክንድ በዛሬው ልክ ከሦስት ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያብራሩ ጭነት የያዘ ከብትና ሰው ሲገባና ሲወጣ እንዳይጣበብ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ለመንገዱ ልክ የወጣለት በእግሩ በሚራመድ ፍጥረት ነው።

የገበያው ተቆጣጣሪ ሙሕተሲብም በዚህ ጉዳይ ሥልጣን ነበረው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች በጻፈው መመሪያ፣ የማገዶና የገለባ ሸክም የጫኑ ከብቶች ሰው ወደሚጨናነቅበት ገበያ እንዳይገቡ እንዲከለከሉ ይመክራል። ምክንያቱ የሰው ልብስ ይጎዳሉ የሚል ነው። ለአንድ ቀሚስ መቀደድ እንዲህ የተጨነቁ ሰዎች ዛሬ የኛን ሰፈር ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

ስለ ፍጥነት ራሱም ቢሆን የተላለፈልን ትምህርት ግልጽ ነው። በሐጅ ጊዜ ሰዉ ከዐረፋት ሲመለስ ግመሎቹን እየገረፈ ሲያጣድፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእርጋታ እንዲሄድ፣ መልካም ሥራ በመጣደፍ እንደማይገኝ አስገንዝበዋል። የአንጀሻ ታሪክ ደግሞ ወደኛ ይቀርባል። አንጀሻ በጉዞ ላይ ሴቶች የተቀመጡባቸውን ግመሎች የሚነዳ ሰው ነበር፤ ሐበሻዊ እንደነበረም የጻፉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ድምፁ ያማረ ስለነበር ሲያዜም ግመሎቹ ይፈጥኑ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶቹን በቀላሉ እንደሚሰበር የብርጭቆ ዕቃ መስለው ቀስ እንዲል ነገሩት። አንጀሻ ክፉ ሰው ስለነበረ አልነበረም፤ ከፊት ሆኖ የሚነዳ ሰው ከኋላው የተሸከመውን ስለሚረሳ ነው።

ይህ የድሮ ሥርዓት ምን ይመስል እንደነበር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሐረር ጀጎል አለችለት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ግንብ ውስጥ 368 ያህል ጠባብ መንገዶች እንዳሉ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ እነዚህ መንገዶችና የሐረሪ ቤቶች ዋናዎቹ ሀብቶቿ ነበሩ። አብዛኞቹ መንገዶች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከሚሄድባቸው ብዙም አይሰፉም፤ ይጠማዘዛሉ፤ የት እንደሚያደርሱ ለእንግዳ አይታወቅም። መኪና የሚያልፍባቸው ጥቂቶች ናቸው። "መኪና ግርግር" የምትባል መንገድ አለች፤ ስሟን የሰማ እንግዳ የመኪና መናኸሪያ ትመስለዋለች፤ ነገር ግን ግርግሩ የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። በእነዚያ መንገዶች የፍጥነት ገደብ የሚጠቁም ሰሌዳ አያስፈልግም። መንገዱ ራሱ ገደብ ነው። ይህንን ነጥብ እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥያቄው የተገለበጠበት ጊዜ

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1865 በወጣ ሕግ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ፍጥነት ብቻ እንዲሄድ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም ታዞ ነበር። ዛሬ ሰዎች ይህንን እያነሱ ይስቁበታል። በጊዜው ግን ነገሩ ትርጉም ነበረው፤ አደጋውን ያመጣው ማሽኑ ስለሆነ የሚጠነቀቀውም ማሽኑ ይሁን ማለት ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1896 ላልቶ ፍጥነቱ ከፍ እንዲል ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል ሴት ለንደን ውስጥ በመኪና ተገጭታ ሞተች። የሞቷን ምክንያት የመረመረው ሹም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ ተስፋውን መግለጹ ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ መሞቱን አስታውቋል።

ትልቁ ትግል የተደረገው በአሜሪካ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ልጆች በመኪና ይሞቱ ነበር። ያኔ የከተማ መንገድ የልጆች መጫወቻ፣ የሻጮች ገበያ፣ የጎረቤት መገናኛ ነበርና ሕዝቡ ተቆጣ። ጋዜጦች ሾፌሮችን ይኮንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 በሲንሲናቲ ከተማ 42 ሺህ ያህል ሰዎች ፊርማ አሰባስበው አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ሐሳቡ በከተማው ያለ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ሞተሩ ላይ መቆጣጠሪያ ይገጠምለት የሚል ነበር። የመኪና ነጋዴዎችና አምራቾች ደነገጡ። ገንዘብ አሰባስበው ብርቱ ቅስቀሳ አደረጉ፤ ሐሳቡም በሰፊ ልዩነት ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የመኪናው ወገን ስልቱን ለወጠ። በራሱ ላይ የመጣበትን ወቀሳ ወደ እግረኛው አዞረው። በእንግሊዝኛ ባላገር፣ ከተማ የማያውቅ ገገማ የሚል ትርጉም ያለውን የስድብ ቃል ወስደው መንገድ በፈለገበት ለሚሻገር ሰው መጠሪያ አደረጉት። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1925 እግረኛ በተወሰነለት ቦታና ጊዜ ብቻ እንዲሻገር ደነገገች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። በየትምህርት ቤቱ ለልጆች መንገድ የመኪና መሆኑ ይነገራቸው ጀመር። ፍርድ ቤት ያልወሰነውን፣ ሽማግሌም ያልመከረበትን የባለቤትነት ጉዳይ አንዲት የስድብ ቃል ጨረሰችው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። "ልጁ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል?" የምትለው ጥያቄ የዚያ ዘመን ልጅ ናት፤ ወደኛም የመጣችው ከመኪናው ጋር ተጭና ነው።

የሆላንድ እናቶችና አባቶች

ሆላንድን ዛሬ የሚያውቃት ሰው የብስክሌት አገር አድርጎ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሀብቷ ሲጨምር መኪናዋም በዛ። ለመኪና መንገድ ሲባል የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ወደ 3 ሺህ 300 የሚጠጋ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

ከሞቱት ልጆች የአንዷ አባት ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። በ1972 ይህ አባት በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ ሕፃናትን መግደል ይቁም የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ ጨካኝ ነው። ሰዎች "አደጋ" የሚሉትን እርሱ "ግድያ" አለው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ቃል ያጠነክራልና በዚህ አንፈርድበትም፤ ደግሞም አገር ሙሉ "አደጋ" በምትል ለስላሳ ቃል ተኝቶ ሳለ ሌላ የሚያስነሳ ቃል መኖሩን እንጠራጠራለን። በዚያው ስም ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ማርትየ ፋን ፑተን የምትባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረች ወጣት ሴት ስትሆን በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆናለች። የማኅበሩ ሰዎች ብዙ አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎች ያዙ። መንገድ ዘግተው ልጆችን አጫወቱ፤ ጠረጴዛ አውጥተው በመንገዳቸው ላይ ከጎረቤት ጋር እራት በሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኧይል ቤት ድረስ በብስክሌት ሄደው ለልጆቻቸው መንገድ ለመኑ። በአምስተርዳም ደ ፓይፕ በሚባል ጠባብ ሰፈር ልጆቹ ራሳቸው መንገዳቸውን ዘግተው እንጫወትበት ብለው ሲሟገቱ የሚያሳይ የ1972 ፊልም እስካሁን አለ።

እዚህ ላይ የኛን አድማጮች የሚያስገርም ነገር ገባ። በጥቅምት 1973 በተነሳው ጦርነት የዐረብ ነዳጅ ላኪ አገሮች ሆላንድ እስራኤልን ደግፋለች በማለት ነዳጅ ከለከሏት። የሆላንድ መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ከኅዳር 4 ቀን 1973 ጀምሮ (ኅዳር ስንል እንደነሱ ኖቬምበር ነው) እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዉ በሰፋፊዎቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ በእግሩ ተንሸራሸረ፤ ልጆች በመንሸራተቻ ጫማ ተጫወቱበት። ሪያድና ኩዌት የተቀመጡ ሹማምንት ስለ አምስተርዳም ልጆች አላሰቡም ነበር። ነገር ግን መኪና ለአንድ ቀን ሲጠፋ ደጃቸው ምን እንደሚመስል ብዙ ሰዎች ያኔ በዓይናቸው አዩ።

ዋናው ሥራ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በዴልፍት ከተማ ተጀምሮ ነበር። ኒክ ደ ቡር የተባለ የከተማ ፕላን ሊቅ ከሰፈር መንገድ ላይ የእግረኛ መሄጃና የመኪና መሄጃ የሚለውን ልዩነት ስለማስወገድ አሰበ፤ ዮስት ፋል የተባለ የዴልፍት ማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ደግሞ ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ በተግባር ሞከረው። የሠሩት ነገር እንዲህ ነው። የአስፋልቱን ቀጥታ መስመር ሰበሩት። ከወዲህ ዛፍ፣ ከወዲያ መቀመጫ፣ እዚያ ጋ የአበባ መደብ አስቀመጡ፤ መኪናው እየተጠማዘዘ እንጂ ተወርውሮ እንዳያልፍ ሆነ። ጠርዙን አንስተው መንገዱን ከቤቱ ደጃፍ ጋር አንድ ሜዳ አደረጉት። ጉብታም ጨመሩበት። ስሙንም በነሱ ቋንቋ "ቮንኤርፍ" አሉት፤ "ቮን" መኖሪያ ነው፣ "ኤርፍ" ግቢ ነው። የመኖሪያ ግቢ ማለት ነው። መንገዱን መንገድ ብለው መጥራታቸውን ተዉት!

እ.ኤ.አ. በ1976 ይህ ነገር በሕግ ታወቀ። በቮንኤርፍ ውስጥ እግረኛ በመንገዱ ወርድ ሁሉ መሄድ ይችላል፤ ልጆች ሊጫወቱ ይችላሉ፤ መኪና በእግር እርምጃ ፍጥነት ብቻ እንዲነዳ ያኔ ታዞ ነበር፤ እግረኛውም መኪናውን ያለ ምክንያት እንዳያግድ ታዟል። መግቢያው ላይ ቤት፣ ትልቅ ሰው፣ ኳስ የያዘ ልጅና መኪና አንድ ላይ የተሳሉበት ሰማያዊ ሰሌዳ ይቆማል። መኪና አልተባረረም፤ የቤቱ ባለቤት መኪናውን እስከ በሩ ያመጣል። የተለወጠው ማን እንግዳ፣ ማን ባለቤት እንደሆነ ነው። መኪናው በሰው ግቢ ውስጥ የገባ እንግዳ ሆነ፤ እንግዳ ደግሞ በሰው ግቢ አይጋልብም። የፊቅህ ሊቃውንት መውጫ ስለሌለው መንገድና ስለ ፊናእ ከጻፉት ጋር ስናስተያየው እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት ምን ያህል እንደተጠጉ እንደነቃለን። አንዱ ከአንዱ ወሰደ ማለታችን ግን አይደለም፤ ችግሩ አንድ ሲሆን የሰው ልጅ መፍትሔውም ይቀራረባል።

ቮንኤርፍ ውድ ነው፤ መንገድ ሁሉ ተቆፍሮ እንዲህ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በ1980ዎቹ ረከስ ያለ መንገድ ተፈለገ። ሰፈሩን ሁሉ በአንድነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ክልል ማድረግ መጣ። በጀርመን ቡክስተሁደ የምትባል ትንሽ ከተማ በ1983 ጀመረችው፤ የኦስትሪያዋ ግራትስ በ1992 ከዋና ዋናዎቹ በስተቀር መንገዶቿን ሁሉ 30 አደረገች፤ ስፔን በ2021 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ላላቸው የከተማ መንገዶች በአገር ደረጃ ደነገገችው፤ አምስተርዳምም በ2023 መጨረሻ አብዛኞቹን መንገዶቿን ወደ 30 አወረደች። በሆላንድ በ1971 ከ400 በላይ የነበረው የልጆች ሞት በ2010 ወደ 14 ወርዶ ነበር። ይህ ሁሉ የቮንኤርፍ ውጤት ነው ብንል እናጋንናለን። የብስክሌት መንገዱ፣ የደህንነት ቀበቶው፣ የሕክምናው መሻሻል ድርሻ አለው፤ በቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ልጅ መብዛቱም አንድ ምክንያት ነው፤ እርሱ እንኳን ደስ የሚል ምክንያት አይደለም።

ለምን 30?

ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሾፌር ልጅ ዘሎ ሲገባበት አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በ30 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ፍሬን ካለው በጠቅላላው በ13 ሜትር አካባቢ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። ይህ ማለት የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ ልጁን የሚያገኘው በሙሉ 50 ነው። በ60 ከሆነ እስኪቆም ከ35 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። የመምታቱ ኃይል ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። "እኔ ጎበዝ ሾፌር ነኝ" የሚለው ወንድማችን ጉብዝናው ከዚያች አንድ ሰከንድ በኋላ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባለፉት ሃያ ዓመታት በከተሞቻችን ብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ተነጥፎባቸዋል። ጭቃው ቀረልን፣ አልሐምዱሊላህ። ድንጋዩ ሸካራ ስለሆነ መኪናን በመጠኑ ያረጋጋል። አንዳንዱ ሰፈር ደግሞ አስፋልት ደርሶታል፤ ነዋሪው ሲመኘው ኖሮ ሲያገኘው በሳምንቱ መንገዱ የአቋራጭ ፈላጊ ሁሉ ማለፊያ ይሆንበታል። ከዋናው መንገድ መጨናነቅ የሸሸ ታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ ሞተረኛ በሰው በር ላይ ይከንፋል። ከዐሱር በኋላ ልጆች ቁርኣናቸውን አቅፈው ከመድረሳ የሚለቀቁትም በዚያው ሰዓት ነው።

ነዋሪው ሲመረው የሚያደርገው ይታወቃል። አሮጌ ጎማ ግማሹን ይቀብራል፤ ድንጋይ ይደረድራል፤ አፈር ወይም ሲሚንቶ ይከምራል። በአንድ ሰፈር ተገኝተን እንዲህ ያለ ጉብታ አይተናል፤ ቁመቱ ከጉልበት ጥቂት ነው የሚያንሰው። የሠሩት አባቶች ደስ ብሏቸው ነበር። በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ይዞ የወጣ ታክሲ ግን እዚያ ላይ ሆዱ ተሰቅሎ ሰው ገፍቶ ነው ያሻገረው፤ በክረምትም ጎርፉን አግዶ ወደ ሁለት ግቢ መለሰው። ልጅን ለማዳን የተሠራው እናትን ሊጎዳ ነበር።

ስለዚህ ስለ ጉብታም ታሪክ አለውና ትንሽ እንበል። በኒው ጀርሲ ቻታም የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1906 የእግረኛ መሻገሪያዎቿን ከፍ አድርጋ መኪናዎችን ለማዘግየት ሞክራ ነበር። በ1953 ደግሞ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ኮምፕተን በሚያስተዳድረው፣ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ፍጥነት ስላስቸገረው ጉብታ ነድፎ አሠራ። እንግሊዞች ጉብታን "የተኛ ፖሊስ" ይሉታል፤ ጉቦም አይበላም፣ እንቅልፉም አይጎዳም! የትኛው ጉብታ እንደሚሠራ ግን በመለኪያ ያጠናው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋትስ የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ ነው። ያገኘው ነገር ያስገርማል። አጭርና ሹል የሆነ ጉብታ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሰው ያንገላታል፤ በፍጥነት የሚበረውን ግን ጎማና ሞላው ስለሚውጡለት ያን ያህል አይሰማውም። ረጅምና ዝግ ያለ ጉብታ በተቃራኒው ቀስ ብሎ ለሚያልፈው ምንም አይደለም፤ የሚፈጥነውን ግን ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ያንገጫግጨዋል። የዋትስ ጉብታ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በኋላ ቁመቱን ዝቅ ያደረጉትም አሉ። ከጉልበት የሚጠጋው የሰፈር ጉብታ እንግዲህ ጥፋተኛውን አሳልፎ ጥንቁቁን ይቀጣል ማለት ነው።

በሰፈራችሁ ለዚህ ጉዳይ የምትሰባሰቡ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉብታው የት ይሁን የሚለው አይደለም። የሚያልፈው ማን ነው? የሰፈሩ ሰው ነው ወይስ አቋራጭ ፈላጊ? አብዛኛው አቋራጭ ፈላጊ ከሆነ መንገዱን በአንድ በኩል ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ ክፍት መተው ከአሥር ጉብታ ይበልጣል፤ መውጫ የሌለው መንገድ ባለቤት አለው ያልነውም እዚህ ላይ ይመጣል። ጉብታ ካስፈለገም ከወረዳውና ከመንገዶች ባለሥልጣን ጋር ተነጋግሮ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ ቀለም የተቀባ፣ በሁለቱ ጠርዞች ለጎርፍ ማለፊያ የተተወለት ይሁን። አንድ ብቻውን ከሆነ ሾፌሩ አልፎት ይበራል፤ እየተራራቀ ሁለትና ሦስት ቢሆን ይሻላል። በአዲስ አበባ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው "መንገድ ለሰው" ቀን መንገድ ተዘግቶ ልጆች ሲጫወቱ ያያችሁ፣ ሐሳቡ ለሕዝቡ ባዕድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ሰዎች። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች፣ በጁምዓ ቀንም ኹጥባ ሊጀመር ሲል፣ በመስጂዶቻችን ዙሪያ ያሉ ጠባብ መንገዶች ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። ሞተር ላይ ሦስት ሆነው የሚበሩት፣ በልጆች መሐል ጥሩምባ እየነፉ የሚያልፉት ወደ ሰላት የሚቸኩሉ ወንድሞቻችን ናቸው። ኢቃማ የሰማ ሰው እንኳን እየሮጠ እንዳይመጣ፣ በእርጋታ እንዲራመድ፣ የደረሰበትን ሰግዶ ያመለጠውን እንዲያሟላ በሐዲስ ታዟል። ይህ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የተነገረ ነው፤ አንድ ቶን ብረት ይዞ ለሚመጣው ምን ሊባል እንደሚችል ለአድማጭ እንተወዋለን። የመስጂድ ኮሚቴዎች የጫማ ጠባቂ እንደሚመድቡት ሁሉ በጁምዓ ሰዓት በመንገዱ ጫፍና ጫፍ ሁለት ወጣት ቢያቆሙ ወጪው ምንም ነው።

በሰፈራችሁ ከጎረቤት ጋር መክራችሁ መንገዳችሁን ያረጋጋችሁ፣ ወይም ሞክራችሁ ያልተሳካላችሁ ካላችሁ፣ የሠራችሁትን ስፋቱንና ቁመቱን ለክታችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥሉት ዝግጅቶቻችን እናነበዋለን፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።